ልጆቻችን የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፉ፦ የጥበቃ ደንብና የተማሪው መብት



በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ይህን እናውቀዋለን። ትምህርት ሊከፈት ሲል ልጃችን ከትምህርት ቤት ወፍራም የወረቀት ጥቅል ይዞ ይመጣል። የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ የኮምፒውተር አጠቃቀም ውል፣ የፎቶግራፍ ፈቃድ፣ የስፖርት ቅጽ፣ የመታወቂያ ባጅ መመሪያ፣ ሁሉም አለበት። እኛ ደግሞ ከሥራ ደክመን ገብተናል፤ እንግሊዝኛውም የሕግ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ልጁን «የት ላይ ነው የምፈርመው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ እንፈርማለን። ልጁ ሲያጠፋ፣ ቦርሳው ሲበረበር ወይም ፖሊስ ሲጠራበት ግን ምን እንደፈረምን እንኳ አናስታውስም።

በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ሕግ ስለ ትምህርት ቤት ጥበቃና ስለ ተማሪው የግል ሕይወት ምን እንደሚል፣ ወላጅስ ምን ማድረግ እንደሚችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሳን አንቶኒዮ የሆነው

በ2012 በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ኖርዝሳይድ የተባለው የትምህርት ቤት ዲስትሪክት በሁለት ትምህርት ቤቶች አዲስ ሥራ ጀመረ። ተማሪዎች ሁሉ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ባጅ በውስጡ ቺፕ ነበረው። ተማሪው በግቢው ውስጥ የት እንዳለ መሣሪያው ከባጁ ላይ ያነብባል። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች 4,000 ያህል ተማሪዎች ነበሩ።

ዲስትሪክቱ ለዚህ ሥራ የሰጠው አንዱ ምክንያት የልጆች ደኅንነት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ገንዘብ ነበር። ቴክሳስ ለትምህርት ቤቶች በጀት የሚመድበው በየቀኑ በተገኙት ተማሪዎች ቁጥር ነው። ልጁ ግቢ ውስጥ ሆኖ ስም ሲጠራ ክፍል ውስጥ ካልነበረ እንደ ቀሪ ይቆጠራል፤ ትምህርት ቤቱም የዚያን ቀን ገንዘብ ያጣል። ቺፑ እነዚህን ልጆች ፈልጎ እንዲያስቆጥር ታስቦ ነበር።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪና አባቷ ባጁን አንቀበልም አሉ። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ራእይ 13 ላይ ስለ አውሬው ምልክት የተጻፈው ቃል ነበር። ዲስትሪክቱ ቺፑ ወጥቶለት ባጁን ብቻ እንድታደርግ ሐሳብ አቀረበላቸው። አባትየው ግን ባዶውን ባጅ ማድረግ ራሱ ሥራውን እንደ መደገፍ ይቆጠራል ብለው አልተስማሙም። ትምህርት ቤቱም ካልተስማማች በሰፈሯ ወዳለው መደበኛ ትምህርት ቤት እንደምትዛወር አስታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በጃንዋሪ 2013 የፌዴራሉ ዳኛ ለዲስትሪክቱ ፈረዱ። ዳኛው እንዳሉት፣ ቺፑ ከወጣ የሃይማኖቱ ተቃውሞ ምክንያት የለውም፤ ባዶውን ባጅ አላደርግም ማለት የእምነት ጉዳይ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በጁላይ ዲስትሪክቱ ራሱ ቺፑን ተወው። የተማሪዎቹ የመገኘት ቁጥር እንደታሰበው አላደገምና።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2005 በካሊፎርኒያ ሰተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተመሳሳይ ባጅ ተጀምሮ ነበር። ወላጆች በአንድነት ስለተቃወሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀርቷል። እዚያ ጉዳዩን የጨረሰው የወላጆች ስብሰባ እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አልነበረም።

ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ቶሎ ብለን የምናነሣው ጥያቄ «ይህ 666 ነው ወይ?» የሚል ነው። ራእይ 13 የሚናገረው ምልክት ከአውሬው ስግደት ጋር የተያያዘ መሆኑን ምዕራፉን ሙሉውን ያነበበ ያስተውላል። የስም ጥሪ ባጅ ስግደት አይጠይቅም። ነገር ግን ባጁ ምልክቱ ካልሆነ ምንም ጥያቄ የለም ማለት አይደለም። የልጄን እንቅስቃሴ ማን ይመዘግባል? መዝገቡ የት ይቀመጣል? ለማን ይሰጣል? እስከ መቼ? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንኛውም ወላጅ፣ ለሚያምነውም ለማያምነውም፣ ተገቢ ናቸው።

ጥበቃው ለምን በዛ?

ትምህርት ቤቶቹ ያለ ምክንያት አልጨከኑም። ኤፕሪል 20 ቀን 1999 በኮሎራዶ ኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች በከፈቱት ተኩስ 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሞቱ። በ2012 በኮነቲከት ሳንዲ ሁክ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች፣ በ2018 በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች፣ በ2022 በቴክሳስ ዩቫልዲ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። ልጁን ጠዋት ስሞ የሸኘ ወላጅ ማታ አስከሬን ሲረከብ ያየ ሕዝብ፣ ካሜራና ዘበኛ ቢያበዛ አይፈረድበትም።

ከኮለምባይን በፊትም ቢሆን በ1994 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ግዛቶች፣ የጦር መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ያመጣ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር ሕግ ማውጣት አለባቸው። የዲስትሪክቱ ኃላፊ ግን የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ አይቶ ቅጣቱን ማሻሻል ይችላል። ብዙ ወላጆች ይህን ሁለተኛውን ክፍል አያውቁም።

ፍርሃት ሲበዛ ደግሞ ያልበደለም ይያዛል። በ2015 በቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ ከሱዳን የመጣ ቤተሰብ የሆነ የ14 ዓመት ልጅ፣ ራሱ የገጣጠመውን ሰዓት ለመምህሩ ሊያሳይ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ ሄዶ በካቴና ታስሮ ወጣ። ከትምህርት ቤትም ታገደ። ክስ ግን አልተመሠረተበትም። የእኛ ልጆችም ከእንዲህ ያለው ነገር ሩቅ እንዳልሆኑ ማወቅ አለብን።

ሕጉ ምን ይላል?

*1. ተማሪ መብት አለው።* በ1965 በአይዋ ግዛት በዴሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው በመሄዳቸው ከትምህርት ታገዱ። ከመካከላቸው አንዷ የ13 ዓመት ልጅ፣ የሜቶዲስት አገልጋይ ልጅ ነበረች። በ1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ተማሪ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ የሕገ መንግሥት መብቱን ውጭ ጥሎ አይገባም የሚለው አሳብ የተመሠረተው በዚህ ፍርድ ነው።

*2. ትምህርት ቤት ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊፈትሽ ይችላል፤ ግን ምክንያት ሊኖረው ይገባል።* በ1980 በኒው ጀርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ መጸዳጃ ቤት ስታጨስ ተገኘች ተባለ። እርሷ ጭራሽ አላጨስም አለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቦርሳዋን ሲከፍት ሲጋራ፣ አጠገቡም የማሪዋና መጠቅለያ ወረቀት አየ። ፍተሻውን ሲቀጥል ማሪዋናና ገንዘብ ያለባቸው ተማሪዎች ስም ዝርዝር አገኘ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ያለ አግባብ ከመፈተሽ የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አራተኛው ማሻሻያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ይሠራል። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ እንደ ፖሊስ ማዘዣ አያስፈልገውም፤ በቂ ጥርጣሬ ካለው ይበቃል። መለኪያውም ሁለት ነው፦ ፍተሻው ሲጀመር ምክንያት ነበረው? የፍተሻው መጠንስ ከተፈለገው ነገር፣ ከልጁ ዕድሜና ጾታ ጋር ይመጣጠናል?

*3. ፍተሻ ልክ አለው።* በ2003 በአሪዞና ሳፎርድ ከተማ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የህመም ማስታገሻ ክኒን ለጓደኛዋ ሰጥታለች ተብላ ተጠረጠረች። ቦርሳዋ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። ከዚያ ወደ ነርሷ ክፍል ተወስዳ ልብሷን እንድታወልቅ፣ የውስጥ ልብሷንም እንድታራግፍ ተደረገ። አሁንም ምንም አልተገኘም። የተፈለገው ክኒን በየፋርማሲው የሚታወቀው አይቡፕሮፌን ነበር። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ይህ ፍተሻ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው አለ። ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ፍርድ በልቡ ይያዘው።

*4. ስፖርትና ክበብ ሌላ ነው።* በኦሪገን ቬርኖንያ ከተማ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የአሜሪካ ፉትቦል ሊጫወት ፈለገ። እርሱና ወላጆቹ ግን ለመድኃኒት ምርመራ ሽንት እንዲሰጥ የሚያስገድደውን ቅጽ አንፈርምም አሉ። በ1995 ፍርድ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በ2002 ደግሞ ከኦክላሆማ በመጣ ጉዳይ ይህ ሥልጣን ከስፖርት አልፎ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ወደሚወዳደሩ ክበቦች ሁሉ፣ ወደ መዘምራን ቡድን ሳይቀር ሰፋ። ምክንያቱም እነዚህን ተማሪው በፈቃዱ የሚገባባቸው በመሆናቸው ነው። ስለዚህ የስፖርትና የክበብ ቅጽ ሲመጣ ከሌላው በበለጠ አንብቡ።

*5. ስልክ እንደ ቦርሳ አይደለም።* ትምህርት ቤት በክፍል ውስጥ የተጠቀሙበትን ስልክ ሊወስድ ይችላል። ስልኩን ከፍቶ መልእክት ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2013 ከኬንታኪ በመጣ ጉዳይ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ተማሪው በክፍል ውስጥ ስልክ መንካቱ ብቻ መልእክቱን ለማንበብ በቂ ምክንያት አይሆንም ብሏል። ፖሊስ ደግሞ በ2014 በተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት፣ የያዘውን ሰው ስልክ ለመበርበር በመደበኛው ማዘዣ ያስፈልገዋል። ልጁ በፈቃዱ ከፍቶ ከሰጠ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ ይቀራል። «ወላጆቼን ላነጋግር» ማለትን ልጆቻችንን እናስተምራቸው።

*6. የትምህርት ቤት ላፕቶፕ የልጁ አይደለም።* በፔንሲልቬንያ ሎወር ሜሪየን ዲስትሪክት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ ታድሎ ነበር። ቢሰረቅ እንዲገኝ ተብሎ የተጫነው ፕሮግራም ግን የኮምፒውተሩን ካሜራ ከሩቅ ሆኖ ያስነሣ ነበር። በ2009 አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ የተነሣ ፎቶው በትምህርት ቤት ታየበት፤ ክኒን ይዘሃል ተባለ። እርሱ ከረሜላ ነው አለ። ምርመራው ሲካሄድ ከላፕቶፖቹ ወደ 56,000 የሚጠጋ ምስል መሰብሰቡ ተገለጠ። ዲስትሪክቱ በ2010 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በትምህርት ቤቱ መለያ የሚጽፈውን የሚቃኝ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ስለዚህ ልጃችን በዚያ ኮምፒውተር የሚጽፈውን ሌላ ሰው ሊያነብበው እንደሚችል አውቆ ይጻፍ።

*7. ፖሊስ ሲጠይቅ ዕድሜ ይቆጠራል።* በሰሜን ካሮላይና አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ከክፍል ተጠርቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፖሊስና በትምህርት ቤት ኃላፊዎች ተጠየቀ። አሳዳጊ አያቱ አልተጠሩም፤ ዝም የማለት መብቱም በመጀመሪያ አልተነገረውም። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ፖሊስ መብቱን ሊያስታውቅ ይገባው እንደሆነ ሲመዘን የልጁ ዕድሜ መታየት አለበት አለ። በእኛ ባህል ልጅ ለትልቅ ሰው «እሺ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ያላደረገውን እንዲያምን ሊያደርገው ይችላል።

*8. ዛቻ በቀልድ አይታለፍም።* በ2021 ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ከግቢ ውጭ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚጽፈው ላይ ያላቸው ሥልጣን የተወሰነ ነው ብሏል። ዛቻንና በሌላ ልጅ ላይ የሚደርስ ማሸማቀቅን ግን መቅጣት እንደሚችሉ አልከለከለም። «ነገ አትምጡ» የሚል አንድ መስመር ቀልድ ፖሊስ ቤት ድረስ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ልጁ መዝገብ

በ1974 ፌርፓ ተብሎ የሚጠራ የፌዴራል ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ ለማየት ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳየው ይገባል። ስሕተት ካለ እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል። ትምህርት ቤቱም ሕጉ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር፣ ለምሳሌ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ከሌለ፣ መዝገቡን ያለ ወላጅ ፈቃድ አሳልፎ አይሰጥም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ መብቱ ወደ ልጁ ይተላለፋል።

አንድ ክፍተት ግን አለ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀንና የመሳሰሉትን ትምህርት ቤቱ «የማውጫ መረጃ» ብሎ ሊያወጣ ይችላል። ወላጅ አይውጣብኝ ካለ ግን አይወጣም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪውን ስምና ስልክ ለጦር ሠራዊት መልማዮች የሚሰጡትም እንዲሁ ነው፤ ወላጅ በጽሑፍ አይሰጥብኝ ካለ ይቀራል። ይህ ሁሉ ያለው በዚያ ባላነበብነው የወረቀት ጥቅል ውስጥ ነው።

ሌላም ሕግ አለ። በ1978 የወጣው ይህ ሕግ ትምህርት ቤት በሚያሰራጨው መጠይቅ ላይ ገደብ አደረገ። ስለ ቤተሰብ ሃይማኖት፣ ስለ ፖለቲካ አቋም፣ ስለ ገቢ፣ ስለ ጾታ ጉዳይ፣ ልጁ ከጠበቃ፣ ከሐኪም ወይም ከመንፈሳዊ አገልጋይ ጋር ስላለው ምስጢራዊ ግንኙነት የሚጠይቁ መጠይቆች ለወላጅ አስቀድመው ሊነገሩ፣ ወላጅም ልጁን ሊያስቀር ይችላል። በአንዳንዶቹም የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ግዴታ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ስጋት ያለባቸው ወገኖችም አሉን። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቴክሳስ በመጣ ጉዳይ፣ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ልጆችም በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዳላቸው ወስኗል። ልጅን ፈርቶ ከትምህርት ማስቀረት አይገባም።

እስካሁን ያነሣናቸው የሕገ መንግሥት መብቶች የሚሠሩት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሆኑን እናስታውስ። የግል ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ በአብዛኛው የሚመራው ወላጅ በፈረመው ውል ነው።

ክርስቲያን ወላጅ መብቱን ይጠይቃል ወይ?

አንዳንድ ወገኖች ሮሜ 13ን ጠቅሰው ለባለ ሥልጣን መገዛት እንጂ መብት መጠየቅ የእኛ ነገር አይደለም ይላሉ። ይሁን እንጂ ያንን ምዕራፍ የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ፣ በሐዋርያት ሥራ 22 ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ዝም አላለም። ሮማዊ ሆኖ ሳይፈረድበት መገረፉ ተፈቅዶ እንደሆነ ጠየቀ። አልተሳደበም፣ አልተማታም። ሕጉን ጠቀሰ፤ የሻለቃውም ሰዎች ወዲያው ተዉት።

ዳንኤልም በባቢሎን ትምህርት ቤት የገባ ስደተኛ ወጣት ነበር። ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በልቡ በወሰነ ጊዜ ግርግር አላስነሣም። ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፤ ለአሥር ቀን ፈትነን ብሎ አማራጭ አቀረበ። መፍትሔም አገኘ። እምነቱን አልሸጠም፤ ከኃላፊውም ጋር አልተጣላም። ከትምህርት ቤት ጋር የእምነት ጥያቄ ላለበት ወላጅ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

• ሳናነብ አንፈርም። ካልገባን «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» እንበል። ብዙ ዲስትሪክቶች አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ወገኖቻችን በብዛት ባሉበት በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መረጃ በአማርኛ ጭምር ያወጣሉ። በዲሲፕሊን ጉዳይ የተከሰሰውን ልጅ ራሱን አስተርጓሚ አናድርግ።

• አዲስ ካሜራ፣ ባጅ ወይም ፕሮግራም ሲመጣ፦ ምን ይመዘግባል? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። የቃል መልስ ይረሳል።

• የማውጫ መረጃው እንዳይወጣ ከፈለግን በየዓመቱ መጀመሪያ በቀኑ እናሳውቅ።

• ልጆቻችንን ሁለት ነገር እናስተምር፦ ኃላፊን ማክበርንና ከፖሊስ ጥያቄ በፊት ወላጅ እንዲጠራላቸው መጠየቅን። ፍተሻ ሲመጣ በኃይል እንዳይከላከሉ፣ ነገር ግን «አልፈቅድም» ብለው በትሕትና መናገር እንደሚችሉ ይወቁ።

• በሰተር ከተማ እንደሆነው፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ እንገኝ። የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። እኛ የሌለንበት ስብሰባ የልጆቻችንን ነገር ሲወስን ኋላ ማማረር አይጠቅምም።

• ልጅ ሊታሰር ወይም ሊባረር ከደረሰ ፈጥነን የሕግ ባለሙያ እናማክር። የግዛቶች ሕግ ይለያያል፤ ይህ ጽሑፍም የጠበቃን ምክር አይተካም።

ልጆቻችንን በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲገቡ እንጸልያለን። ጸሎቱ ሲመለስ ግን የሰውነት ክብራቸውም ሳይጎድል እንዲገቡ እንፈልጋለን። ስለ ሁለቱም መጸለይ ይገባል፤ ስለ ሁለቱም መጠየቅም ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «የት ላይ ነው የምፈርመው?» ከማለት በፊት «እስቲ አብረን እናንብበው» ይበሉት።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።